ተዉአት እንጂ!

ዛሪማ ውስጥ የገና ቁልቋል ለማሳደግ የሞከረ ሰው፣ ከሙቀቱ ይልቅ የሚያማርረው አዛኙ ነው።

ደባርቅ ያሉት አክስቴ መስኮት ላይ አስቀምጠው ረስተዋት፣ በኅዳር እምቡጥ ይዛ ለገና ቀይ ሆና ትደርሳለች። እሳቸው ምን ቸገራቸው! ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሌሊቱ ራሱ ያቀዘቅዝላቸዋል። ከእሳቸው ቤት የተቆረጠችው በጋዜጣ ተጠቅልላ ሊማሊሞን ወርዳ እዚህ ስትደርስ ነው መከራዋ የሚጀምረው።

«ኧረ ጠማት!» የማይል እንግዳ የለም። ቡና የጠጣ ሁሉ የስኒውን እጣቢ ሥሯ ላይ ይደፋል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የኮዳውን ትራፊ ይጨምርላታል። የተከልንባትን የዘይት ጄሪካን ታቹን ብንበሳው፣ ወለሉ እንዳይረጥብ ተብሎ ሳህን ይገባበታል። ሥሯ እዚያ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይሰነብትና አንድ ጧት እንደተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ ትላለች። ያኔም ፍርዱ ያው ነው፦ «ውሃ አንሷት ነው።» ተጨማሪ ጣሳ ይመጣል።

ደግሞ ምክሩ! «ቁልቋል አይደለች እንዴ? ፀሐይ አውጪያት እንጂ!» በየገደሉ አፋፍ የሚበቅለውን የእኛን ቁልቋል እያዩ ይፈርዱባታል። እሷ ግን አገሯ ብራዚል፣ ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወዲያ ያለው ጭጋጋማ ተራራ ነው። እዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተፈናጥጣ፣ በጥላ፣ ቅጠል በስብሶ በሠራው ጭብጥ አፈር ትኖራለች። በአገሯ የምታብበውም በግንቦት ገደማ ነው፤ የገናን ስም ያገኘችው የምድር ወገብን ወደ ሰሜን ከተሻገረች በኋላ ነው። የዛሪማን የቀትር ፀሐይ ስታገኝማ ቀልታ ትጨማደዳለች።

እምቡጥ እንድትይዝ ለሳምንታት በየሌሊቱ ከ12 ሰዓት የማያንስ፣ ያልተቋረጠ ጨለማ ያስፈልጋታል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይህን በነፃ ይሰጣል። ሳሎን ውስጥ ግን ማን ያስተኛታል? ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት፣ አምፖሉ እስኪነጋ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ያማርራል፤ እኔም ለወጉ አብሬ አማርራለሁ እንጂ በሆዴስ ለእሷ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ አልፋ በፆመ ነቢያት መሀል እምቡጥ ብታሳይ እንኳ፣ ለበዓል ቤት ሲጸዳ ከመስኮት ወደ ቡፌ፣ ከቡፌ ወደ ረከቦቱ ጎን ትዞራለች። ቦታዋ ሲለዋወጥባት እምቡጧን አንድ በአንድ ታራግፋለች። አክስቴ በስልክ «ተያት ብዬሽ አልነበር?» ይሉኛል። እኔማ ትቻት ነበር!

የገና ዕለት የመጣው ዘመድ ባዶዋን ያያትና «ይቺስ ወንድ ናት መሰለኝ፣ አታብብም» ይላል። ሲወጣ ታዲያ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ከጫፏ አንድ ገንጥሎ ኪሱ ይከታል።