ዡብሩስ መዝገብ አለው

ትናንት ሌሊት ደግሞ መጣ። የድርቆሽ ክምሬን እንደ ተጠራ እንግዳ ተደላድሎ ሲበላ አገኘሁት። መስኮት ከፍቼ ጮህኩበት፤ ቀና ብሎ አየኝና ማላመጡን ቀጠለ። ወደ 900 ኪሎ የሚጠጋን ፍጡር በከዘራ አይመክሩት! ለበላው መንግሥት ካሳ ይከፍላል፤ ቅጹ ግን ከድርቆሹ ይበዛል።

ይህ እኛ ዡብር የምንለው የአውሮፓ ጎሽ ነው። አገራችን የሃይኑፍካ አውራጃ፣ ከፖላንድ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቤላሩስ ድንበር ላይ ናት። የዚሁ የቢያዎቪዬዣ ጫካ የመጨረሻው የዱር ዡብር እ.ኤ.አ. በ1919 ተገደለ፤ ከየመካነ አራዊቱ ለቃቅመው አራቡትና በ1952 ወደ ጫካው ለቀቁት። እሰየው። ግን ክብሩ በዛ! በአጥር ውስጥ የሚወለደው እናት አባቱ ተጠርተው በዘር መዝገብ ይሰፍራል፤ የዚህ አገር ተወላጅ ከሆነም ብዙውን ጊዜ በ«ፖ» የሚጀምር ስም ይወጣለታል። ይወደዋል የሚባለውን ሣር እንኳ ቮድካ ውስጥ ከተው በስሙ ይጠሩታል።

አባቴን ማን መዘገባቸው? በ1915 ጀርመን መጣ ተብሎ መንደሩ በጋሪ ወደ ሩሲያ ሲሰደድ መንገድ ላይ ተወለዱ። የየትኛው መንገድ? እንጃ። እኔንም መዝጋቢዎች «ፖላንዳዊ ነህ ቤላሩሳዊ?» ይሉኛል። የዚሁ ሰው ነኝ፤ የምናገረውም «በራሳችን» ነው። እንዲህ ስል እስክሪብቷቸው ይቆማል።

ገናውስ? የካቶሊኩ ጎረቤቴ ጥብስ ዲሴምበር 25 ሲሸተኝ እኔ ኦርቶዶክሱ ጾም ላይ ነኝ። የእኛ በአሮጌው አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው፤ ኢትዮጵያውያንም በዚያው ቀን ያከብራሉ ሲባል ሰምቼ ብቻዬን አለመራቤ ትንሽ አጽናናኝ። ታዲያ ቀኑ ሲደርስ ያ ጎረቤቴ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ከች ይላል፤ ማርቺኔኩን፣ ያን ስስ ቂጣ በክሬም እየተነባበረ የሚሠራውን ኬካችንን፣ ግማሹን ይጨርሰዋል።

መንደራችን ትሼሽቻንካ ደግሞ ለጉድ ነው። የመስኮት መዝጊያዎቻችን የተቀረጹና ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ ከተሜው ካሜራውን አንጠልጥሎ ይጎርፋል። ባለፈው በጋ አንዷ «አባባ፣ ፎቶ ላነሳ ነው፤ ከመስኮቱ ዘወር ይበሉልኝ» አለችኝ። ከገዛ ቤቴ መስኮት! ዘወር አልኩላት፤ ምን ላድርግ።

እንግዲህ ሽመላዬን ልመርቃት። በበጋው ማብቂያ አፍሪካ ትወርዳለች፣ በጸደይ ተመልሳ የመብራት ምሰሶው ላይ ያለ ጎጆዋን ሳትስት ታገኘዋለች። ልጄ ያለው ዋርሶ ነው። ሥራ በዛ ይላል። ትናንት ግን ራሱ ደወለ።

«አባባ፣ ዡብሩ ይመጣል ወይ? ልጆቹ ካላየነው ብለው አስቸገሩኝ።»

ያ ሌባ! ቅዳሜ እንደሚመጡ ነገረኝ። እኔም ዛሬ ጥሩ ጥሩውን ድርቆሽ መርጬ ከመስኮቴ ሥር ከመርኩት።