ከጓደኛ ጋር ቤት ገዝቶ የመቀያየም ጥበብ

የሚከራይ አፓርታማ በጋራ እንግዛ የሚለው ሐሳብ መነሣት ያለበት ማታ፣ ከሁለተኛው ቢራ በኋላ ነው። ጠዋት በማኪያቶ ከተነሣ አንዳችሁ ስሌት ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ማሳመኛው ቀላል ነው፦ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብሩን ባንክ ያስተኛ ሰው ሲቆጨው፣ ቤት የገዛው እየሣቀ ነው። ይህ ክርክር ብዙ እውነት ስላለበት ሌላ ነገር ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም።

ስለ ጓደኛዎ ሁሉን ያውቃሉ፤ ማን ትታው እንደሄደች፣ ጨጓራውን የሚያመው ምን ሲበላ እንደሆነ። ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ግን አያውቁም። አይጠይቁ። ብሩ ስንት ዓመት ታስሮ ሊቆይለት እንደሚችል፣ ከሥራ ቢወጣ ወርኃዊ ክፍያውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ይህንንም አይጠይቁ። «አታምነኝም እንዴ?» ይልዎታል፤ በዚህች አገር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ «ማመኑንስ አምንሃለሁ፣ ግን እንጻፈው» ብሎ የመለሰ ሰው ሰርግ ላይ የሚጠራው አያገኝም።

ስለዚህ አይጻፉ። ሰባ እጁን ያዋጡት እርስዎ፣ ሠላሳ እጁን ያዋጣው እሱ ቢሆንም ድርሻ የሚባል ነገር አያንሡ፤ ሕጉ በሌላ መንገድ ካልተገለጸ በቀር የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ እኩል ነው ብሎ ስለሚገምት ቸርነትዎን ያጸድቅልዎታል። የግድ መጻፍ ካለበት በደብተር ቅጠል ይሁን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ መሰለፍ ግን ለማይተማመን ሰው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ቤቱን በአንድ ሰው ስም መግዛት ነው። በተለይ እርስዎ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነው ብር የሚልኩ፣ ጓደኛዎ አዲስ አበባ ሆኖ የሚሯሯጥ ከሆነ ካርታው በእሱ ስም ይውጣ። ባለትዳር ከሆነማ ምን ይፈለጋል! በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት የባልና ሚስት የጋራ ሀብት እንደሆነ ስለሚገመት፣ እርስዎ የላኩት ብር ሚስቱንም ባለቤት አድርጓታል። ለእሷ ምንም አይንገሯት። ለበዓል ቤታቸው ሲጋበዙ ዶሮ ወጡን ያመስግኑና ይውጡ።

ገና ያልተሠራ ቤት ይበልጥ ይመረጣል። ለቡ ወይም አያት ጫፍ ላይ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ መዋኛ ገንዳና የሚስቁ ሕፃናት የተሣሉበት ቢልቦርድ ካለ በቂ ነው። የግንባታ ፈቃዱንና የሊዝ ውሉን አሳዩን ማለት ነውር ነው፤ ደላላው አይቶታል። ክፍያው በየደረጃው ሲመጣ ጓደኛዎ «ለጊዜው አንተ ሸፍንልኝ» ይላል። ይሸፍኑ። ስንት እንደሸፈኑ አይመዝግቡ፤ እሱም እንዳይመዘግብ ይለምኑት።

ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ (ያልቃል እንበል) ኪራዩን ማን እንደሚሰበስብ አይወስኑ። የእህቱ ልጅ «ሥራ እስክታገኝ» ትግባበት ሲልዎ ደስ ብሎዎት ይፍቀዱ።

ትልቁ ጥበብ ግን መውጫውን አለመነጋገር ነው። አንድ ቀን ለሕክምና ወይም ለልጅ ትምህርት ብር ያስፈልግዎታል፤ የጋራ ቤት ደግሞ የሁሉም ስምምነት ሳይኖር አይሸጥም። ያኔ ጨዋታው እንዲህ ይሄዳል፦

«እንሽጠው።»

«አሁንማ አይሸጥም፣ ገና ይጨምራል።»

«እንግዲያው የእኔን ድርሻ ግዛኝ።»

«እሺ፣ በገዛንበት ዋጋ።»

«ይጨምራል ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ለባዕድ ሲሸጥ ነው እንጂ ለወንድም?»

ከዚህ በኋላ ስልክ አይነሣም፤ በጋራ ወዳጅ በኩል «ምን አደረግሁት?» እየተባባሉ መላላክ ነው። ነገሩ ለሽማግሌ ሲደርስ ያንን ደላላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አድርገው ይጥሩት። ኮሚሽኑን ከሁለታችሁም እኩል ስለወሰደ ከእሱ የበለጠ ገለልተኛ አይገኝም፤ እግረ መንገዱንም ለቤቱ ገዢ ይዞ ይመጣል።