ሁለት ውኃ፣ አንድ ሃይላንድ

ቡታጅራ ባሕር የላትም የሚል ሰው ካለ አገሩን አያውቅም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ ሀረ ሸይጣን አለ፤ እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየው ራስ የሚያዞር። መርከብ አያስገባም እንጂ ውኃስ ውኃ ነው። በአስተዳደር የሚቆጠረው ግን ለጎረቤታችን ለስልጤ ዞን ነው። እንግዲህ እኛም የባሕር በር ጥያቄ አለን ማለት ነው፤ ለጊዜው በትዕግሥት ይዘነዋል።

ይህን ማለቴ፣ ስለ ቀይ ባሕር ግማሽ ቀን ሲነገረን ከዋለበት አዳራሽ ስወጣ ደረቴ በኩራት ተነፍቶ ስለነበር ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት አዳራሽ እንደሆነ አልናገርም፤ በአገራችን አዳራሽ ሁሉ አንድ ነው። ከመድረኩ በላይ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ «ቀጣናዊ»፣ «ጂኦፖለቲካዊ»፣ «ተለዋዋጭ» እና «ብሔራዊ ጥቅም» የሚሉት ቃላት በፈለጉት ተራ ቢሰደሩ ትርጉሙ አይዛባም። ቀኑ በነጭ ወረቀት ተለብጦ በስኮች ተለጥፏል፤ ባነሩ ሌላ ከተማ አገልግሎ የመጣ ነውና። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አንድ አንድ ሃይላንድ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የሌላ ፋብሪካ ስም ነው፤ እኛ ግን የታሸገ ውኃን ሁሉ ሃይላንድ ነው የምንለው።

የዕለቱ ተናጋሪ የጂኦፖለቲካ ተንታኝ ናቸው ተባልን። ድሮ በእኛ አገር ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር ዳዊት መድገም፣ ወይ ኪታብ መቅራት፣ ቢያንስ ቢያንስ የበርበሬ ዋጋ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። አሁን ካርታ ይበቃል። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ በቀስት ተሞልቶ ታየ። ከካይሮ ቀስት፣ ከአቡዳቢ ቀስት፣ ከአንካራ ቀስት፣ ከቤጂንግ ቀስት፣ ሁሉም ወደ እኛ። ጅቡቲ ላይ የሰፈሩትን የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የጃፓንን፣ የጣሊያንንና የቻይናን ጦር ሰፈሮች ተንታኙ አንድ ትንፋሽ ሳያወጡ ቆጠሯቸው፤ እኔ የአክስቶቼን ስም እንዲያ አልቆጥርም። ከቡታጅራ የሚነሳ ቀስት ግን አልነበረም። የማረቆ በርበሬ በአይሱዙ ተጭና በየሳምንቱ አዲስ አበባ ስትወጣ ካርታው አላያትም።

የባሕሩ ትምህርት የተጀመረበት ወር ይታወቃል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ስለ ቀይ ባሕር እስኪናገሩ ድረስ የእኛ ተንታኞች ስለ ባሕሩ ትንፍሽ አይሉም ነበር። በነጋታው ሁሉም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቆጩበት የኖሩ ሆነው ተገኙ። ታኅሣሥ 2016 ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ሲፈረም «ታሪካዊ ድል» አሉን፤ አጨበጨብን። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 2017 ላይ፣ የባሕር በሩ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር ይሁን የሚለው መግለጫ አንካራ ላይ ሲወጣ እሱንም «ታሪካዊ ድል» አሉን፤ አጨበጨብን። ሁለተኛው ድል የመጀመሪያውን ምን እንዳደረገው የጠየቀ አልነበረም። ከንግግሩ የተለወጠው ስላይዱ ላይ ያለው ባንዲራ ብቻ ነው። እኔ ጽናት የምለው ይህን ነው።

ከዚያ ወደ «ሁለቱ ውኃዎች» ተገባ። ዓባይና ቀይ ባሕር ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ ዕጣ ፈንታ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በዚህ አላሾፍም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ቦንድ የገዛሁበት ወረቀት ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ወደብ አልባ መሆንም ቀልድ አይደለም። የእኔ ችግር ቁጥሩ ላይ ነው፤ እኔ ስቆጥር ውኃዎቹ ሦስት ይመጡብኛል።

ሦስተኛው ወልቂጤ ነው ያለው። ማለቴ፣ የለም። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ሰው ጀሪካኑን ይዞ አደባባይ ሲወጣ የቀይ ባሕሩ በር ባብ ኤል መንደብ ይከፈት ብሎ አልነበረም፤ ቧንቧው ስለደረቀበት ነው። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱበት። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም መግለጫ አወጣ። ይህ ውኃም ነው፣ ደኅንነትም ነው፤ ሁለቱም ባነሩ ላይ ያሉ ቃላት ናቸው። ግን ለትንታኔ አይመችም። ግብጽ የለችበትማ! ታሪካዊ ጠላት የሌለበት ጥም ምን ተብሎ ይተነተናል? ስለ ካይሮ ክፉ የተናገረን ሰው ካይሮ ጠርታ አትጠይቀውም፤ በሰላም ቤቱ ገብቶ ያድራል። ስለ ቧንቧ የሚናገር ግን የቧንቧው ኃላፊ ፊት ለፊቱ፣ የክብር ወንበር ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ያየዋል። በዓለም አቀፍ ደኅንነት ላይ ንግግር የሚበዛው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አደጋው በራቀ ቁጥር ተናጋሪው ደኅና ነው።

ጥያቄና አስተያየት ተባለ። «ጊዜ ስለሌለን ሦስት ዕድል ብቻ፤ ከወንድሞች ሁለት፣ ከእህቶቻችን አንድ።» (ንግግሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል፤ ጊዜያችንን ማን እንደወሰደው አልተገለጠም።) የመጀመሪያውን ዕድል ያገኘው ወጣት አድዋን ጠቅሶ፣ ባንዳዎችን ረግሞ፣ ምንም ሳይጠይቅ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ያገኙት አንድ ሀጂ ናቸው። ማይኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ብዙ አስተማርከን። እኔ ቀይ ባሕርን ተሻግሬዋለሁ፤ ለሐጅ ስሄድ፣ በአውሮፕላን። ማንም አልከለከለኝም። ልጄን ግን የዳርኳት ለማረቆ ቤተሰብ ነው። በ2011 ልጠይቃት ብነሳ በእንሴኖ በኩል ማለፍ አልሆነልኝም። ይኼ የእንሴኖው በር የማን ነው?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያኔ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ መስቃንና ማረቆ በቀበሌ ይገባኛል ተጋጭተው ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ሺዎች ተፈናቅለዋል። ሁለቱ ድሮ አንድ ወረዳ ነበሩ፤ ስሙም «መስቃንና ማረቆ» ነበር። መሃል ላይ ያለችውን «ና» እዩልኝ። አንዱ ያመረተውን በርበሬ ሌላው እየሸጠ፣ በአንድ ገበያ እየዋለ፣ እየተዋለደ የኖረ ሕዝብ በማኅተም ላይ የታሰረው በዚያች በአንዲት ፊደል ነው። ፊደሏ ከማኅተሙ ስትነሳ የት እንደተቀመጠች የሚያስረዳ ፓናል እስከ ዛሬ አልተጠራሁም። አሁን ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆኗል፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ማኅተሞቹ ሁሉ አዳዲስ ናቸው፣ ቀለማቸውም ጥሩ ነው።

ተንታኙ ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው። «አባታችን ያነሱት ጠቃሚ ነው፤ ከዛሬው ርዕስ ግን ወጣ ይላል» አሉና፣ ትንሽ አስበው፣ «በመሠረቱ በየአካባቢው የምናየው ግጭት ሁሉ የታሪካዊ ጠላቶቻችን ሴራ አለበት» ብለው ወደ ካርታቸው ዞሩ።

ሀጂ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰው «ሴራ ነው ያለው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ፊታቸው ፈክቷል። አማርኛው ሴራን ተንኮል ያደርገዋል፤ በእኛ በኩል ግን ሴራ ሕግ ነው። ክስታኔ ጎርደና ሴራ አለው፣ ስልጤም የራሱ ሴራ አለው፤ ወደ ወልቂጤ በኩል ሰባት ቤት የጆካ ቂጫ ይለዋል። ደም የተፋሰሰ ወገን ከሽማግሌ ፊት ተቀምጦ፣ ተራ በተራ ተሰምቶ፣ ካሣው ተቆርጦ፣ ምሎ የሚነሳበት ማለት ነው። ሀጂ «ይህ በሴራ ያልቃል» የተባለ መስሏቸዋል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ከአዳራሹ ሁሉ ደስተኛው ሰው እሳቸው ነበሩ። ሽማግሎቻችን መላእክት ናቸው አልልም፤ ቢሆኑ ኖሮ 2011 ባልመጣብን። ግን ሲቀመጡ ባነር አይሰቅሉም፣ ነገሩ ሳይቋጭም ለሻይ አይነሱም።

አደጋው ከቤት እንደሚጀምርማ በመንግሥት ወረቀት ላይም አንድ ጊዜ ሰፍሮ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የማስታወቂያ ሚኒስቴር ያሳተመው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ፣ አገር የሚጠፋው መጀመሪያ በቤት ውስጥ ድህነትና በመልካም አስተዳደር ዕጦት ነው፣ ስለዚህ ከውስጥ ተነሥታችሁ ወደ ውጭ እዩ የሚል ሐሳብ ነበረው። የጻፉት ሰዎች እንደጻፉት ኖሩ ወይ ብትሉኝ ሌላ ወንበር አምጡና እንቀመጥ። ለእሱም በውሎ አበል ሠልጥነናል። ይሁንና መድረክ አልወጣለትም፤ ካርታ የለው፣ ቀስት የለው። ጠላትህ ቤትህ ነው የተባለ ሰልጣኝ ግራና ቀኙን አይቶ ማስታወሻውን ይዘጋል።

ከእኛ አዳራሽ በላይ ያሉትንም አልረሳኋቸውም። ጣና ፎረም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት አሰናጅነት፣ መሪዎችን ባሕር ዳር ላይ እየሰበሰበ በአፍሪካ ደኅንነት ላይ ያወያያል። የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ለዓመታት በሊቀመንበርነት መርተውታል። በሚያዝያ 2011 የተወያዩት በአፍሪካ ቀንድ ማቆጥቆጥ ስለጀመረው ሰላምና ስለ እንክብካቤው ነበር። ሃምሳ ቀን ሳይሞላ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እዚያው ባሕር ዳር የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ፤ በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን። ፎረም ጠንቋይ አይደለም፣ በሞት ላይም አልቀልድም። የምለው ሐይቁ ዳር ቆሞ ቀንዱን ሁሉ ያየ ዓይን ከተማዋን ያላየው ለምንድን ነው ብቻ ነው።

ድንበር ተሻጋሪ ስጋት ካስፈለገም ከጓሯችን አለልን። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የታወቀው በእኛው አገር ነው፤ በዚያው አቆጣጠር በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዙን እርሻ አደረቀው። ቪዛ አልጠየቀም። ከእንሰት ወደ እንሰት የሚሻገረው በአብዛኛው ባልጸዳ ቢላ ነው። በካርታው ላይ ከእኛ ወደ ውጭ የሚነሳ አንድ ቀስት ቢገኝ እሱ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ቢላ ማጠብ እንደ መከላከያ ፖሊሲ አይቆጠርም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከፓናሉ በርጫው ይሻለኛል። ርዕሱ አንድ ነው፣ እውቀቱም አንድ ነው፣ ጫቱ ግን ሰውን ቅን ያደርጋል። ምርቃናው ሲመጣ በዘጠኝ ሰዓት አሰብ ደርሰናል። በአሥር ሰዓት ባብ ኤል መንደብን ዘግተን ቁልፉን ኪሳችን ከተናል። በአሥራ አንድ ሰዓት ለግብጽ ይቅርታ አድርገንላታል። ምርቃናው ሲወርድ ሒሳቡን ማን እንደሚዘጋ ተጣልተን እንለያያለን፤ የአካባቢው ሰላም በዚህ ይደፈርሳል። ሙኒክ በሚደረገው የደኅንነት ጉባኤ ላይ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ፣ ታላላቆቹ በየዓመቱ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ይኸንኑ ያደርጋሉ ቢሏችሁ እመኑ፤ የእነሱ ልዩነት ሒሳቡን የሚዘጋ ሰው አስቀድሞ መታወቁ ነው።

አዳራሹን ልጨርስ። ለእህቶቻችን የተያዘው ሦስተኛው ዕድል በጊዜ እጥረት ታለፈ። ከዚያ የአቋም መግለጫ ተነበበ፤ ሰባት ነጥብ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት። ውይይቱ ሳይጀመር የደረስንበት አቋም ስለነበር ቀለሙ በደንብ ደርቋል። ሰባቱም ነጥቦች በጭብጨባ ጸደቁ። ሀጂም አጨበጨቡ፤ ሴራው ስንተኛው ነጥብ ላይ እንዳለ እየጠበቁ ይመስለኛል።

ስንወጣ ልጆች በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ጠርሙሱን ነው የሚፈልጉት፤ ውኃ ሞልተው ትምህርት ቤት ይወስዱበታል። ተንታኙ ደግ ሰው ናቸው። መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ቆም አሉ፣ ገና ግማሽ እንኳ ያልጎደለውን ሃይላንዳቸውን ከፈቱ፣ አንዱን ልጅ እንዳይከብደው ብለው ውኃውን መሬት ላይ ደፉና ባዶውን ሰጡት። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዓይኑ ግን ጠርሙሱ ላይ አልነበረም፤ የረጠበውን አፈር ነበር የሚያየው።