የታጁራ ማረፊያ

በታጁራ የት ይታደራል ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ መልሱ አጭር ነው፤ ነፋስ ባለበት። ጀርባዋን ለጎዳ ተራሮች፣ ፊቷን ለባሕረ ሰላጤው ሰጥታ በተቀመጠችው በዚህች ባለ ሰባት መስጊድ ጥንታዊት ወደብ፣ እኛ በደጋው ጋቢ ደርበን ክረምት በምንለው ወራት፣ የክፍሉ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሐሩር ሌሊቱን ሙሉ በልግስና ለእንግዳው ስለሚመልስለት፣ ለክፍል ከፍሎ በደጅ በጠፍር አልጋ ማደር የተለመደ ሥርዓት ነው። ስለ ማዕዱ ግን ሐሜት አይገባም፤ ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በየመኖች ልማድ በጭቃ ምድጃ ጠርዙ እስኪጠቁር ተጠብሶ ከትኩስ ቂጣ ጋር ሲቀርብ፣ ሹካ የሚጠይቅ ሰው ራሱን ያስገምታል። የምግብ ዝርዝር መጠየቅም ከንቱ ድካም ነው፤ ባሕር ያልሰጠውን ወጥ ቤቱ አያውቅም። ምሳ ዘገየ ብሎ የሚነጫነጭ ቢኖር፣ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 መጸው ድረስ የግመል ቅፍለት ሲጠብቅ የከረመው እዚሁ መሆኑን ያስብ፤ እንጦጦ ሲደርስም ንጉሡ ዋጋውን ቀንሰው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቆርጠው አስቀሩበት።