የጃርት ሦስተኛ ጥያቄ

ተረት ተረት።

በሐይቅ ዳር፣ በአምባሰል ግርጌ የሚኖሩ እንስሳትን የጎተራ ሌባ አስቸገራቸው። ቁልፍ እንዲሠራላቸው ወደ አንጥረኛው ወደ አያ ጃርት ሄዱ። ጃርት በእሾሁ በቁልፉ ናስ ላይ የባለቤቱን ስምና መኖሪያ ይቀርጻል፤ ጎረቤት ደግሞ «አዎ፣ የእሱ ነው» ብሎ የራሱን ምልክት ከጎኑ ያኖራል። ምልክት የሌለበት ቁልፍ በአገሩ አይታመንም።

ጃርት ስም ይጠይቃል፣ መኖሪያ ይጠይቃል፣ ከዚያ «ሌላስ የሚጨመር?» ይላል።

እመት ቆቅ ስሟንም መኖሪያዋንም ተናገረች። ለሦስተኛው መልስ አልነበራትም። ጃርት የእሾሁን ጫፍ ናሱ ላይ አሳርፎ ጠበቃት። ከኋላዋ የተሰለፉት አዩአት። አፈረችና «እ… ገበያ ስወርድ የምቆልፍበት» አለች። ጃርት እንዳለችው ቀረጸው።

ዝንጀሮ «አዲሱ ቁልፌ» አስባለ፤ ቁልፉ አርጅቶም እስከ ዛሬ «አዲሱ» ነው። ቀበሮ ግን አስቦበት መጥቶ ነበርና «የአገሩ ዳኛ» አለ። ጎረቤቶቹ ማንነቱን ስለሚያውቁ ምልክታቸውን አኖሩለት፤ ለስሙ እንጂ ለሹመቱ የመሰከሩ አልመሰላቸውም። ናሱ ላይ ግን ስሙና ሹመቱ በአንድ መስመር ሰፍረዋል። በሳምንቱ ቀበሮ ቁልፉን እያሳየ ግብር ሰበሰበ። በገበያ ቀን የቆቅ ጎተራ ተሰበረ።

እማማ ኤሊ ከሐይቁ ወጥታ ጃርት ደጅ ደረሰች።

«ልጄ፣ ሦስተኛውን ካልመለሱልህ ቁልፉ አይከፍትም?»

«ይከፍታል፣ እማማ። ያልፈለገ ይተወዋል፤ መቼ አስገደድኩ?»

«እሾሁ በእጅህ፣ ሰልፉ ከኋላ። እዚያ ቆሞ ‹የለኝም› የሚልህ ማን ነው?»

«አባቴም ይጠይቅ ነበር።»

«በአባትህ ዘመን አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሚዳቋዎች ነበሩ፤ ለመለየት ነው የጠየቀው። አንተ መኖሪያቸውን ከጻፍክ ተለይተዋል። እዚያ ማዶ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የገዳሙ ንብረት ተጽፏል። የጻፉት የሚጻፍ ስለነበራቸው ነው። አንተ ግን የሚጻፍ የሌለውን ታስጽፋለህ።»

ጃርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ብቻ ይጠይቃል። የሚጨምር ያለው ራሱ አፍ አውጥቶ ይነግረዋል፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

ነገሩ በሰው ዓለምም ደርሷል። ግኑፒጂ የተባለው የመልእክት መቆለፊያ ፕሮግራም ቁልፍ ለሚያወጣ ሰው ስም፣ ኢሜይልና «አስተያየት» እንዲያስገባ ይጠይቀው ነበር። አስተያየቱ በውዴታ ነው፤ ሰው ግን ባዶ መስመር ሲያይ ይሞላል፣ የሞላውም ከስሙ ጋር ተጣብቆ ለዓለም ይታያል። ቁልፉን የሚያረጋግጥለት ወዳጁም ሳያስበው ለዚያች ቃል ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 2.1 እትም የተለመደው መንገድ ስምና ኢሜይል ብቻ እንዲጠይቅ ተደረገ፤ ሦስተኛው ሙሉውን መንገድ መርጦ ለሚገባ ሰው ቀረ። ደግ አደረጉ። ቀድመው የወጡት ቁልፎች ግን ከመዝገብ ወደ መዝገብ ተቀድተዋል፤ እመት ቆቅም ያንኑ ቁልፍ አንጠልጥላ ገበያ ትወርዳለች።

ቅጽ የምታዘጋጁ፣ ፕሮግራም የምትጽፉ፣ ያለ እሷ ሥራው የሚሠራ ከሆነ ያቺን መስመር ሰልፉ ሳይቆም አውጧት።