በወገብ የሚታሰር ማዕረግ

የፍልሚያ ስፖርት ቀበቶ ከጥጥ የተሰፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወገብን ሁለቴ ዞሮ ከፊት የሚቋጠርና የልምምድ ልብሱ ደረት እንዳይገለጥ የሚይዝ ጨርቅ ሲሆን፣ ይህን ሥራውን በየትኛውም ቀለም እኩል እንደሚያከናውን የሚጠራጠር የለም። ክርክር የሚነሳው ከዚህ ውጪ በተጫነበት ኃላፊነት ላይ ነው።

ኃላፊነቱ የሚጀምረው ከጁዶ መሥራች ከጂጎሮ ካኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት የከፈቱት እኚህ መምህር፣ በዓመቱ ሁለት ተማሪዎቻቸውን ዳን ለተባለው፣ መሠረቱን ጨርሶ ለተሻገረ ሠልጣኝ ለሚሰጠው ማዕረግ አበቁ፤ ጥቁሩ ቀበቶም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። ዳን ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ነጭና ጥቁር ጠጠር በሚደረድሩበት ጎ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ በመሆኑ፣ ሰውን አንስቶ መሬት ላይ የመጣል ችሎታ እስከ ዛሬ የሚለካው ከመቀመጫቸው በማይነሱ ሰዎች መስፈሪያ ነው። ካራቴም በ1924 ጊቺን ፉናኮሺ ለተማሪዎቻቸው ዳን ሲሰጡ ይህንኑ መስፈሪያ ተዋሰ።

ቀለማቱ የበረከቱት ግን አውሮፓ ውስጥ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ ፓሪስ ያስተምሩ የነበሩት ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ በነጭና በጥቁር መካከል ቢጫውን፣ ብርቱካናማውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውንና ቡናማውን በመደርደር ይታወቃሉ። በዚህ አሠራር ጀማሪው ዓመታት የሚርቀውን ጥቁር ትቶ ወራት ብቻ የሚርቀውን ቢጫ ማየት ቻለ፤ በየደረጃው የፈተና ክፍያ በሚጠየቅበት ቦታም የቀለማቱ መብዛት የሚጎዳው ወገን እምብዛም አልተገኘም። የእናቶች መቀነት ገንዘብ የሚቋጠርበት ሲሆን ይህኛው የሚፈታበት ነው።

የቀለማቱን ትርጉም በተመለከተ የተሟላ አስተምህሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ከተሞችም ብዙ ሠልጣኝ ባለው በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ነው። በዚህ መሠረት ነጭ ምንም የማያውቅ ሰው ንጽሕና፣ ቢጫ ተክል ሥር የሚሰድበት መሬት፣ አረንጓዴ የተክሉ እድገት፣ ሰማያዊ ደግሞ ተክሉ የሚያመራበት ሰማይ ነው፤ ከሰማይ በኋላ የተክሉ ወሬ ድንገት ይቋረጥና ቀይ፣ ማለትም አደጋ፣ ይመጣል። ሠልጣኙ ራሱን እንዲቆጣጠር፣ ተጋጣሚውም እንዲርቅ የሚያስጠነቅቀው ይህ ቀይ በጁዶ ዘንድ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ዳን የተጠበቀ በመሆኑ፣ ቀይ የታጠቀ ሰው ያጋጠመው መንገደኛ ከመሸሹ በፊት የታጣቂውን ዕድሜ መመልከት ይኖርበታል፤ ሽበት ካለው መሸሽ ሳይሆን እጅ መንሳት ይገባልና።

ጥቁሩም ቢሆን በጥቁርነቱ አይዘልቅም። ብዙው ጥቁር ቀበቶ ነጭ እምብርት ላይ ጥቁር ልባስ ተሰፍቶበት የሚሠራ ስለሆነ፣ ዓመታት ሲያልፉ መጀመሪያ የሚሳሳው ቋጠሮው ያለማቋረጥ የሚያሸው ቦታ ነው፤ በዚያም ውስጡ ያለው ነጭ ክር ብቅ ይላል። አንዳንድ መምህራን ይህን አዋቂ ወደ ጀማሪ ትሕትና የሚመለስበት ምሥጢር አድርገው ሲያስተምሩ፣ ልብስ ሰፊዎች በበኩላቸው ጉዳዩን ክር አለቀ በሚል አጭር ማብራሪያ ይዘጉታል። ሁለቱ ወገኖች እስካሁን አልተገናኙም።

ማዕረጉ ግጥሚያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በጁዶ ውድድር ቀበቶ ሲፈታ ዳኛው ጨዋታውን አስቁሞ ያስጠብቃል፤ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ብሎ ሆን ብሎ የሚፈታም ይቀጣል። ካራቴ ቶኪዮ ላይ በ2021 በተካሄደው ኦሎምፒክ ሲቀርብ ግን፣ እንደሌሎቹ የዓለም ውድድሮቹ ሁሉ፣ በፍልሚያው ዘርፍ አንዱ ተጋጣሚ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቋል፤ ይህም ዳኛና ተመልካች ሁለቱን እንዲለይ ብቻ ነው። ስለዚህ የዓለም ምርጥ ለመባል የሚፋለመው ሰው ስንት ዓመት የለፋበትን ጥቁር ሻንጣው ውስጥ ትቶ፣ ተራው ያደረሰውን ቀለም ታጥቆ ወደ ምንጣፉ ይወጣል።