ዘመድ የሌለው ዳዶ

«አባዬ፣ እባክዎ በክንድዎ አያጥብቁት!»

ልጄ ነው እንዲህ የሚለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አንቱ ማለቱን አልተወም። ግን በአንቱታ እየጠራኝ እንደ ተለማማጅ ልጅ እጄን ከቡሎኑ ላይ ያነሣዋል። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ እንደ ጨቅላ በጨርቅ የተጠቀለለ መፍቻ ያወጣል፣ ቁጥሩን አምስት ላይ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ይዞ ቀስ እያለ ያዞረዋል። መፍቻው ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። አምስት ኒውተን ሜትር ማለት ነው አሉ።

«ካለፈስ?» አልኩት።

«ካርቦን ስለሆነ ማኑብሪው ይሰነጠቃል።»

«በሁለት ጣት ጉልበት የሚሰነጠቅ ነገር ይዘህ ነው ከተራራ ቁልቁል የምትወረወረው?»

መልስ የለም። ወደሚቀጥለው ቡሎን ሄደ፣ «ቀጭ»።

እኔ ባሕር ዳር ከዋርካ ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ብስክሌት ጠግኛለሁ። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። ተማሪው በብስክሌት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ በብስክሌት፣ ሚስቱን ከኋላ በጎን አስቀምጦ ለቅሶ የሚደርሰውም በብስክሌት ነው። ሁሉም እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ዕቃዬ አንድ ፒንሳ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ሁለት መፍቻ፣ ማስቲሽ፣ ፖምፓና አንድ ሳፋ ውኃ ነው። ከመነዳሪው፣ የውስጡ ጎማ ማለቴ ነው፣ ሲተነፍስ ሳፋው ውስጥ ነክሬ አረፋ ያወጣበትን እለጥፋለሁ። ሞዞው፣ የቸርኬው እምብርት ማለቴ ነው፣ ሲንገጫገጭ እፈታና ብዮቹን በጋዝ አጥቤ፣ ቆጥሬ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቼ እመልሳለሁ። ብስክሌቱም ሄደ፣ ሰውየውም ሄደ፣ በቃ።

ወደ አሜሪካ ስመጣ የቆርቆሮ ሣጥኔን ይዤ መጣሁ። ውስጧ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የክራንክ ስፒና፣ አንድ አሮጌ የግራ ፔዳል አለ። ባለቤቴ «በርበሬ በሚያዝበት ሻንጣ ብረት ትሸከማለህ?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። «አንድ ቀን ይፈለጋል» አልኳት። ይኸው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ከሣጥኗ አንዲት ዳዶ እንኳ የፈለገ የለም።

ልጄ የተራራ ብስክሌት ጋላቢ ነው። ይህን ብስክሌት ግን ገዛው አይባልም፤ ሰበሰበው እንጂ። መጀመሪያ ባዶውን አካል ገዛ፤ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ሌላው በካርቶን በካርቶን ሲመጣ ጎረቤቶቻችን ሱቅ የከፈትን መስሏቸው ነበር። ዋጋውን ስጠይቀው ሳል ያዘው። ኋላ እንደተረዳሁት ለእንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት 10,000 ዶላር ማውጣት እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ሞተር የለውም። ፓራፋንጎ የለውም። ዕቃ መጫኛ የለውም። የሚገፋው ራሱ ነው።

ገንዘቡን ተዉት፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። እኔን ያቃጠለኝ «ስታንዳርድ» የሚሉት ነገር ነው። እኔ እንደማውቀው ስታንዳርድ ሁሉ የተስማማበት ልክ ነበር። እዚህ ግን ብዛቱ ከአክስት ልጅ ይበልጣል። የኋላው ሞዞ ስፋት 135 ሚሊሜትር ነበር። 142 አደረጉት። ደግሞ 148 አደረጉትና «ቡስት» ብለው ስም አወጡለት። እሱም አልበቃ ብሎ የ157ቱን «ሱፐር ቡስት» አሉት። ልጄ በወረቀት ሥሎ አስረድቶኛል፤ ሞዞው ሲሰፋ ራጂዎቹ እግራቸውን ከፈት አድርገው ስለሚቆሙ ቸርኬው ይጠነክራል፣ በተለይ ባለ 29 ኢንች የሆነው። አልክድም፤ ለሠርግ ድንኳን የተከለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ካስማው ራቅ ሲል ድንኳኑ ይጸናል። ነገር ግን ለስድስት ሚሊሜትር ሲባል ስንት ደህና ቸርኬ ጡረታ ወጣ!

ጎማውም እንደዚያው ነው። 26 ኢንች ነበር፤ 27.5 መጣ፤ 29 መጣ። አሁን ደግሞ ከፊት 29፣ ከኋላ 27.5 የሆነ አለ። እኔ በቅሎ እለዋለሁ፤ አባቱ ሌላ፣ እናቱ ሌላ። የክራንኩን ኩሽኔታ ተጠምዝዞ ሲገባ የኖረውን ትተው «ተጨቁኖ ይግባ» አሉ። ተጨቁኖ ገባ። ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ዓመታት ሲጢጥ ካለባቸው በኋላ ብዙዎቹ ወደ ተጠምዛዡ ተመለሱ፤ ያንንም እንደ አዲስ ግኝት ያስተዋውቁታል። እኔን በስልክ ቢጠይቁኝ ኖሮ በነፃ እነግራቸው ነበር።

አንድ ነገር ላመስግን። ሴላው ከፍና ዝቅ ይላል። ማኑብሪው ላይ ያለችውን ምላስ ሲጫን ይወርድለታል፤ ቁልቁለቱን ሲጨርስ እንደገና ይነሣል። ይህች ብልሃት ናት። ግን እሷንም ሲገዛ ተሳሳተ። የብስክሌቱ ቀዳዳ 31.6 ሚሊሜትር፣ የሴላው ዘንግ 30.9። ዜሮ ነጥብ ሰባት ሚሊሜትር! ልጄ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

«የቢራ ጣሳ አምጣ» አልኩት።

«አባዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«አልቀለድኩም። ጣሳውን ቆርጠህ ሦስት ዙር ትጠቀልልለታለህ፤ ግጥም ይላል።»

እንደ አበደ ሰው አየኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ካርቶን መጣ። ከፈተው። ውስጡ ያለችው ክብ ሆና የተጠቀለለች ስስ አልሙኒየም ናት። «ሺም ይባላል» አለኝ። አገላብጬ አየኋት። ጣሳዬ ናት። ቢራው ብቻ የለም።

ማርሹማ የራሱ ታሪክ አለው። ከፊት አንድ ጥርሳም ብቻ፤ ከኋላ አሥራ ሁለት። ትንሹ 10 ጥርስ፣ ትልቁ 52፤ የድስት ክዳን ያህላል። ስራም የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ሁለቱን ለተራራ ብስክሌት አወጣ፤ በ2019 ደግሞ ሽቦውን አስወግዶ ማርሹ በባትሪና በራዲዮ ሞገድ እንዲቀየር አደረገ። ዛሬ እንዲህ ዓይነቱን የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ የልጄ የማን ሥሪት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱም የፋብሪካው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ አንድ ሰዓት መኪና ነድተን ከተራራው ግርጌ ደረስን። ብስክሌቱን አወረደ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ማርሹን ነካ። ዝም። እንደገና ነካ። ዝም። ባትሪው ለካ ወጥ ቤት፣ ከቡና መፍጫው አጠገብ ቻርጅ እየተደረገ ነው።

«በአንድ ማርሽ እንዴት ይወጣል?» አለኝ፣ ፊቱ ጨው መስሎ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ በሙሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። ምንም አልተናገርኩም። አንዳንዴ ዝምታ ከስድብ ይከፋል።

ሹካው ውስጥ ሞላ አለ ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ ያለው አየር ነው። ልኩን ለማወቅ ልጄ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የራስ ቁሩን ደፍቶ፣ ውኃውን አዝሎ ብስክሌቱ ላይ ይቆማል፤ እኔ ማስመሪያ ይዤ ከሥሩ እንበረከካለሁ። ከፊት መስጠም ከሚችለው ርቀት 20 በመቶ ያህል፣ ከኋላ 30 በመቶ ያህል መስጠም አለበት። አነሰ ሲባል በትንሿ ፖምፓ አየር ይጨምራል፤ በዛ ሲባል ያስተነፍሳል፤ እኔ እንደገና እለካለሁ። በስተርጅና ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ሲጋልብ ደግሞ ሰዓት ይቆጥራል፤ ሮክሾክስ የሚባለው አምራች ሹካው በየ50 ሰዓቱ ከታች ተፈትቶ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል። አምሳ ሰዓት! የእኔ ደንበኞች ያንን በወር ይጨርሱት ነበር። ኤንትሬ የሚነዳ ሰው ይህን ቢሰማ ከመኪናው ወርዶ ይስቃል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ሽማግሌ ሌላውን ሲያማ ውሎ የራሱን ከደበቀ ወግ አይሆንም። የኋላው ፍሬን ይጮህ ጀመር። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ልጄ ሥራ ሄዷል። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት ሙያዬ የተማርኩት አንድ ሕግ አለ፤ የሚጮኽ ነገር ዘይት የጠማው ነው። ዘይቴን አመጣሁ። ያቺን የምታብረቀርቅ ቀጭን ዲስክ ከግራም ከቀኝም ጥሩ አድርጌ ቀባኋት። አዞርኳት፤ ጸጥ። በሙያዬ ኮራሁ።

ማታ ልጄ ወጣበትና ከጋራዡ ወደ መንገዱ ለቀቀው። የኋላውን ፍሬን ያዘ። ብስክሌቱ መሄዱን ቀጠለ። የጎረቤታችን የቆሻሻ በርሜል ባይቀበለው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። ተነሥቶ፣ ዲስኩን በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ለካ ዲስክ ላይ ዘይት ጠብታው አይነካም። የፍሬኑ ሸራዎች መጠጡት፤ ወደ ቆሻሻ ተጣሉ። ዲስኩ በአልኮል ታጠበ። አዲሶቹ ሸራዎች ከገቡ በኋላ ልጄ ፈጠን እያለ ቀስ እያለ ሃያ ጊዜ ያህል መንገዱን ተመላለሰ፤ ሸራና ዲስክ እንዲላመዱ ነው አሉ፣ እንደ ሙሽሮች። የፍሬን ዘይቱም ሁለት ዘር ነው፤ አንዱ ፍሬን የማዕድን ዘይት ይጠጣል፣ ሌላው ዶት የሚባለውን። ካምታታችሁት ውስጥ ያለው ጎሚኒ ይበላሻል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ለእኔ ነበር።

ሌላው ጥፋት ግን የልጄ ነው። ጎማው ከመነዳሪ የለውም፤ ውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይጨመርና ቀዳዳ ሲያገኝ ራሱ ይደፍነዋል። ጥቂት ወር ቆይቶ ይደርቃል፤ እንደገና መሙላት ነው። ልጄ ወተቱን ሞልቶ አየር ሲነፋ ጎማው ከቸርኬው አፈተለከና ጋራዡ በሙሉ ነጭ ሆነ። እዚህ አገር እንጀራ የሚጋገረው ጋራዥ ውስጥ መሆኑን የማታውቁ እወቁ። ባለቤቴ መጥታ ምጣዷን አየች።

«በሁዳዴ? ምጣዴ ላይ? ወተት?»

ላቴክስ መሆኑን ለማስረዳት የሞከረው ልጄ ነው። እኔ የቆርቆሮ ሣጥኔን አቅፌ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚገርመው የዚህ ነገር አመጣጥ ነው። ልጄ ራሱ ነው የነገረኝ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ ጥቂት ወጣቶች ከተራራ ቁልቁል ውድድር አደረጉ። ብስክሌቶቻቸው ባለ አንድ ማርሽ፣ ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የተረፉ ከባድ አሮጌዎች ነበሩ። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡ የሚይዘው፣ ሞዞው ውስጥ ያለው ነው። አንድ ጊዜ እስኪወርዱ ሞዞው ግሎ ግራሶው ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ እንደገና ለመውረድ ሞዞውን ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። ለዚህ ነው መንገዱን «ሪፓክ»፣ እንደገና ሙላ፣ ያሉት። በዚያው ዓመት እዚሁ ኮሎራዶ፣ የክሬስትድ ቢዩት ልጆች በእንዲሁ ዓይነት ቅራቅንቦ የፐርል ፓስን ተራራ ተሻግረው አስፐን ገቡ።

ይህን ስሰማ ከበርጩማዬ ተነሣሁ። «እሱማ እኔ ነኝ!» አልኩ። የዚህ ሁሉ ሺህ ዶላር አያት ግራሶ የቀባ እጅ ነው፤ ከወዳደቀ ብረት የጀመረ ሰው ነው። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ያለ ካርቶን ዳዶ አያጠብቁም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሚሊሜትሩ አይደለም። ባሕር ዳር አንድ ሰው ዳዶ ሲጠፋበት ከጎረቤቱ አሮጌ ብስክሌት ፈትቼ እሰጠው ነበር፤ የህንዱ ለቻይናው፣ የቻይናው ለእንግሊዙ ይሆናል፤ ትንሽ ቢያስቸግር ሮንዴላ ያስታርቃቸዋል። በዚያች ዳዶ ሰበብ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። ልጄ ግን ሦስት ጋላቢ ጓደኞች አሉት፤ አራቱ ብስክሌቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ከሌላው የሚዋሰው አንዲት ቡሎን የለም። ወንድማማች መስለው የማይዛመዱ ናቸው።

ያለፈው እሑድ የልጄ የግራ ፔዳል ከድንጋይ ጋር ተላተመና ዘንጉ ጎበጠ። አዲሱ የሚደርሰው ሐሙስ ነው። እያጉረመረመ ወደ ቤት ሲገባ ሣጥኔን ከፈትኩ። ያችን የባሕር ዳር ፔዳል፣ ዝገቷን በግራሶ አብሼ፣ ክራንኩ ላይ አስጠጋኋት። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው በተቃራኒው ነው፤ ድሮም እንደዚያ ነበር። በጣቴ አዞርኳት። ያዘች። እንደገና አዞርኳት። ምንም ሳትንገራገር፣ ቤቷ እንደገባች ሁሉ፣ እስከ ጥጓ ሄደች።

ልጄ ተመልሶ መጥቶ አየ። ስልኩን አወጣ። የፔዳል ጥርስ 9/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ዙር፤ የእኔም ያው፣ የሱም ያው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ማስመሪያዬን ወስጄ ካቴናውን ለካሁ። ከስፒና እስከ ስፒና ግማሽ ኢንች። ያ ሁሉ ማርሽ፣ ባትሪውም ሳይቀር፣ የሚጎትተው ዋርካው ሥር ስቀጥል የኖርኩትን ያንኑ ግማሽ ኢንች ነው።

መፍቻዬን አነሣሁና ፔዳሏን በክንዴ አጠበቅኳት። ልጄ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

እናንተም ታዲያ ይህን ያነበባችሁ፣ አደራ፣ ለማንም አትናገሩ። እነዚህን ሁለቱን ያልቀየሯቸው ረስተዋቸው ነው። የሰሙ ዕለት ቡስት ፔዳል በካርቶን ይመጣል።